አዲሶቹ የበይነገጽ ስልቶች፦ የትኛው ለሥራ ይገባል፣ የትኛውስ ይቆይ?

ቅንፍ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። በይነገጽ ሥራ ላይ አዲሱ ነገር በዝቷል፦ የመስታወት መልክ፣ ኮንቴነር ኩዌሪ፣ ዲዛይን ቶክን (ለቀለምና ለመጠን የሚሰጥ የጋራ ስም)፣ ቪው ትራንዚሽን (ገጹ ሲቀየር የሚታይ አኒሜሽን)፣ ቃል በቃል የሚፈስ የኤአይ ምላሽ፣ በኤአይ የሚጻፍ ኮድ። ስማቸውን የሚዘረዝር ጽሑፍ ሞልቷል፤ እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ሥራ ላይ ያዋላችሁት ሰዎች የት ላይ እንደሚሰበር፣ ለምን እንደሚሰበርና እንዴት እንደሚጠገን ጻፉ።

የኔ ሚዛን ይሄ ነው፦ አዲሱ ነገር ወይ የምንሸከመውን ኮድ ይቀንስ፣ ወይ ተጠቃሚው የሚጠብቀውን ጊዜ ያሳጥር። ከሁለቱ አንዱን ካላደረገ የቱንም ያህል ቢያምር ይቆይ።

በዚህ ሚዛን ቀድመው የሚያልፉት ዲያሎግ የሚባለው የኤችቲኤምኤል ኤለመንትና ፖፕኦቨር (ገጹ ላይ ብቅ የሚል ሳጥን) ናቸው። ዱሮ ለአንድ ብቅ ባይ መስኮት ሙሉ ላይብረሪ እናስገባ ነበር። አሁን ዲያሎጉን በ«ሾው ሞዳል» ስትከፍቱት ብራውዘሩ ራሱ ከሁሉም በላይ ባለው ንብርብር ላይ ያወጣዋል፣ ፎከሱን (ኪቦርዱ የሚሠራበትን ቦታ) ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ከኋላ ያለውን ገጽ ከክሊክና ከኪቦርድ ይከለክላል፣ «ኢስኬፕ» ሲነካ ይዘጋዋል፣ ሲዘጋም ፎከሱን ወደነበረበት ቦታ ይመልሳል። ዜድ ኢንዴክስ (የንብርብር ቅደም ተከተል ቁጥር) ላይ 9999 መጻፍ ቀረ ማለት ነው።

ሁለት ቦታ ግን ያሳስታል። ዲያሎጉ ላይ በቀጥታ ዲስፕለይ ፍሌክስ ከጻፋችሁ ሳይከፈትም ይታያል፤ ብራውዘሩ የተዘጋ ዲያሎግ የሚደብቀው በዲስፕለይ ነን ስለሆነ የናንተ ትእዛዝ ያንን ይሽረዋል። ፍሌክሱ «ኦፕን» የሚለው አትሪቢዩት ሲኖር ብቻ እንዲሠራ አድርጉ፣ ወይም ውስጥ ባለ ዲቭ ላይ አስቀምጡት። ሁለተኛው፣ ዲያሎጉ ተከፍቶ እያለ ከኋላ ያለው ገጽ ስክሮል ማድረጉን አይተውም። ይህንን በ«ሃዝ» ሰሌክተር መያዝ ይቻላል፦ ሥሩ ኤለመንት (ኤችቲኤምኤል) የተከፈተ ዲያሎግ ካለው ኦቨርፍሎው ሂደን ይሁን። ስክሮልባሩ ሲጠፋ ገጹ ወደ ጎን እንዳይዘል ደግሞ ስክሮልባር ገተርን ስቴብል አድርጉት።

እናንተስ?

ማሰሻ

ቅንፍ፣ በዚያው ሚዛን ኮንቴነር ኩዌሪን እጨምራለሁ። ሚዲያ ኩዌሪ የሚጠይቀው የስክሪኑን ስፋት ነው፤ ካርዱ ግን ስክሪኑ ሰፊ ሆኖ ሳለ ጠባብ የጎን አምድ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ኮንቴነር ኩዌሪ የሚያየው ካርዱ ያለበትን ሳጥን ስፋት ነው። ክሮምና ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ፋየርፎክስ በ2023 መጀመሪያ ስለደገፉት አሁን ያለ ስጋት ይሠራበታል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ኤለመንት ራሱን መጠየቅ አይችልም። ካርዱን ኮንቴነር አድርጋችሁ በዚያው ኩዌሪ የካርዱን አቀማመጥ ለመቀየር ብትሞክሩ ምንም አይሆንም፣ ስህተትም አያሳይም። ካርዱን የሚይዝ አንድ ውጫዊ ዲቭ ጨምሩና ኮንቴነርነቱን ለሱ ስጡት።

ኮንቴነር ታይፑን «ሳይዝ» ካላችሁት ቁመቱ ዜሮ ይሆናል። «ሳይዝ» ማለት ብራውዘሩ የሳጥኑን ልክ ሲያሰላ ውስጡ ያለውን ይዘት በቁመትም በስፋትም አይቁጠር ማለት ነው። የምትፈልጉት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ኢንላይን ሳይዝ» ነው።

እሱም ቢሆን ስፋቱን ከይዘቱ አይወስድም። ስለዚህ ኮንቴነሩ በፍሌክስ ረድፍ ውስጥ ሆኖ ስፋት ካልተሰጠው ተጨምቆ ዜሮ ይገባል። ፍሌክስ 1 ወይም 100 ከመቶ ስፋት ስጡት። ካርዱ ድንገት ከጠፋባችሁ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይሄን ይሁን።

ጥላ

የመስታወቱ ጉዳይ ላይ ልግባ፤ በቅንፍ ሚዛን ወድቆ የሚቀረው እሱ ስለሆነ። አፕል «ሊኩዊድ ግላስ» ያለውን መልክ በጁን 2025 ካሳየና በአይኦኤስ 26 ካወጣው ወዲህ ደንበኛ ሁሉ «እንደዚያ ይሁን» እያለ ነው። ራሱ አፕል በ26.1 ላይ መስታወቱን የሚያደበዝዝ፣ ቀለም የጨመረ ምርጫ ለተጠቃሚው ሰጥቷል። ይህ ብቻውን ብዙ ይነግረናል።

ዌብ ላይ ሰው የሚሠራው በባክድሮፕ ፊልተር ነው፤ ከኋላ ያለውን ማደብዘዝ። ችግሮቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ንባብ ነው። ጽሑፉ የተቀመጠበት ጀርባ ስክሮል በተደረገ ቁጥር ይቀየራል፣ ስለዚህ ኮንትራስቱን (የጽሑፉንና የጀርባውን የብርሃን ልዩነት) ዲዛይን ፋይል ላይ ለክቶ «አለፈ» ማለት አይቻልም። ማደብዘዝ ብቻውን አያድንም፤ ከኋላ ሰፊ ነጭ ፎቶ ካለ የደበዘዘ ነጭም ያው ነጭ ነው።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ከኋላው የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ማደብዘዙ በየፍሬሙ እንደገና ይሠራል። ሬዲየሱ ባደገና የሚሸፍነው ቦታ በሰፋ ቁጥር ጂፒዩው (ምስል የሚሠራው ቺፕ) ይደክማል። አንድ ቀጭን የላይኛው ባር ላይ ብዙም አይታወቅም፤ በዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ ካርድ ላይ ከተደረገ ግን ደካማ ስልክ ላይ ስክሮሉ ይንገጫገጫል።

ሦስተኛው ብዙ ሰዓት የሚበላ ባግ ነው። ባክድሮፕ ፊልተር ያለው ኤለመንት በውስጡ ላሉት ፖዚሽን ፊክስድ ልጆች መለኪያ ሳጥን ይሆናል። ሄደሩ ላይ መስታወት አድርጋችሁ የሞባይል ሜኑውን በሄደሩ ውስጥ ካስቀመጣችሁ፣ ሙሉ ስክሪን መሸፈን የነበረበት ሜኑ በሄደሩ 64 ፒክስል ቁመት ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። መፍትሔው ፊልተሩን ከሄደሩ ላይ አንስቶ «ቢፎር» በሚባለው ስዩዶ ኤለመንት ላይ ማድረግ ነው። ወይም ቅንፍ እንዳለው ሜኑውን ፖፕኦቨር ማድረግ፤ ከላይኛው ንብርብር ላይ ስለሚወጣ የሄደሩ ሳጥን አይይዘውም።

መስታወት በመስታወት ላይ መደረብም አይሠራም። ውስጠኛው የሚያየው የውጨኛውን ውስጥ ብቻ እንጂ ከሱ ጀርባ ያለውን ገጽ አይደለም።

ቅንፍ

ጥላ፣ ደንበኛው «የግድ መስታወት ይሁን» ካለስ? ጽሑፉ እንዲነበብ ከሥሩ ጠቆር ያለ ንብርብር ማድረግ እንደሚቻል አውቃለሁ። ግን ምን ያህል? 20 ከመቶ? 40?

ጥላ

በግምት መሥራት አያስፈልግም፣ በስሌት ይገኛል። ነጭ ጽሑፍ ነው እንበል። ከኋላ ሊመጣ የሚችለው የከፋ ነገር ንጹሕ ነጭ ነው። ለመደበኛ ጽሑፍ የሚፈለገው ኮንትራስት 4.5 ለ1 ነው። ነጭ ጽሑፍ ይህን የሚያገኘው ጀርባው ከግራጫ 118 (ከ255) የማይበልጥ ሲሆን ነው። ጥቁር ንብርብር በነጭ ላይ ሲጣል የሚቀረው 255 ሲባዛ በ(1 ሲቀነስ የንብርብሩ ጥቁረት) ነው፤ 118 ለ255 ሲካፈል 0.46 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ንብርብሩ ቢያንስ 54 ከመቶ ጥቁር መሆን አለበት። 24 ፒክስልና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም ቦልድ ሆኖ 18.66 ፒክስል ለሆነ ትልቅ ጽሑፍ 3 ለ1 ስለሚበቃ ከዚህ ያነሰም ይሆናል።

40 ከመቶ አድርጋችሁ ዲዛይን ፋይሉ ላይ ያማረው ከኋላው የተመረጠው ፎቶ ጠቆር ያለ ስለነበረ ነው።

«ፕሪፈርስ ሪዲዩስድ ትራንስፓረንሲ» (ተጠቃሚው ግልጽነት ይቀነስልኝ ማለቱን የሚያይ) የሚለውንም ሚዲያ ኩዌሪ ጨምሩ። ሁሉም ብራውዘር ስለማይደግፈው ግን መዳኛችሁ እሱ አይሁን፤ 54 ከመቶው ለሁሉም ይኑር፣ ኩዌሪው ለሚደግፉት ሙሉ ድፍን ቀለም ያድርገው።

ሚሊሰከንድ

ወደ «ተጠቃሚው የሚጠብቀው ጊዜ» እንምጣ። መለኪያው ተቀይሯል፣ ብዙ ቡድን ግን ገና በአሮጌው ያስባል። ጉግል በማርች 12 ቀን 2024 ኮር ዌብ ቫይታልስ ከሚላቸው የገጽ ጥራት መለኪያዎች ውስጥ ኤፍአይዲን አስወጥቶ አይኤንፒን አስገባ። ኤፍአይዲ የሚለካው የመጀመሪያውን ንክኪ ብቻ፣ ያውም ኮዱ ሥራ እስኪጀምር ያለውን መዘግየት ብቻ ነበር። አይኤንፒ ግን በቆይታው ሁሉ ያሉትን ንክኪዎች ያያል፣ ከነኩበት ቅጽበት ጀምሮ ስክሪኑ ላይ ለውጥ እስኪሳል ድረስ ይቆጥራል። በ75ኛው ፐርሰንታይል (ከመቶ ጉብኝት 75ቱ ላይ) 200 ሚሊሰከንድና ከዚያ በታች ጥሩ ነው፤ ከ500 በላይ መጥፎ።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ፦ 5000 ረድፍ ያለው ሠንጠረዥና ከላዩ የፍለጋ ሳጥን። ተጠቃሚው አንድ ፊደል ሲጽፍ ዝርዝሩ ይጣራል። በገንቢው ላፕቶፕ ላይ ችግር የለም፣ መካከለኛ ስልክ ላይ ፊደሉ ራሱ ዘግይቶ ይታያል።

ክሮም ዴቭቱልስ (የብራውዘሩ የገንቢ መሣሪያ) ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈቱ፣ ሲፒዩውን በ4 ወይም በ6 እጥፍ አዘግዩት፣ ሪከርድ አድርጋችሁ አንድ ፊደል ብቻ ጻፉ። ኢንተራክሽንስ በሚለው መስመር ላይ ንክኪው በሦስት ተከፍሎ ታዩታላችሁ። የትኛው ክፍል እንደረዘመ ሳታዩ ኮድ አትንኩ፣ መድኃኒቱ የተለያየ ነው።

መጀመሪያው ክፍል ከረዘመ፣ ንክኪው ሲመጣ ዋናው ትሬድ (የገጹን ኮድ በተራ የሚያስኬደው) በሌላ ሥራ ተይዞ ነበር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሦስተኛ ወገን ስክሪፕት ወይም ገጹ ገና ሃይድሬት እያደረገ (ከሰርቨር በመጣው ገጽ ላይ ኮዱን እየሰካ) ነው። የፍለጋ ኮዳችሁን ብትነኩት ምንም አይለወጥም።

መካከለኛው ከረዘመ ጥፋቱ የናንተ ሃንድለር (ለንክኪው የሚሠራው ኮድ) ነው። መጀመሪያ ለዓይን የሚታየውን ለውጥ ብቻ አድርጉ፣ ከዚያ ትሬዱን ልቀቁት፣ ከዚያ ከባዱን ሥሩ። ለመልቀቅ «ስኬጁለር ዪልድ» አለ፤ በማይደግፍ ብራውዘር ላይ ሴት ታይምአውት በዜሮ ይተካዋል። ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ሳያቋርጥ የሚሄድ ሥራ ሁሉ ረጅም ሥራ ተብሎ ይመዘገባል፣ ስለዚህ ከዚያ በታች ከፋፍሉት።

የመጨረሻው ከረዘመ ኮዱ አልቋል፣ ብራውዘሩ ግን ስታይልና ሌይአውት እያሰላ ነው። በምሳሌያችን ላይ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው። 5000 ረድፍ፣ በረድፍ 8 ኤለመንት፣ በጠቅላላ 40,000 ኖድ (የገጹ ኤለመንት)። ላይትሀውስ የሚባለው የጉግል ገጽ መፈተሻ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጀምር የነበረው 800 ላይ ነው! እዚህ ሁለት መንገድ አለ። ቨርቹዋላይዝ ማድረግ፣ ማለትም የሚታዩትን 30 ወይም 40 ረድፎች ብቻ መሳል፣ ፍጥነቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን በብራውዘሩ የገጽ ፍለጋ ያልተሳሉት ረድፎች አይገኙም፣ ለስክሪን ሪደርም (ለዓይነ ስውራን ገጹን የሚያነብ ፕሮግራም) ጠቅላላ የረድፍ ቁጥሩን በአሪያ ሮው ካውንት መንገር አለባችሁ። ሁለተኛው፣ ረድፎቹ በዲቭ የተሠሩ ከሆነ (በኤችቲኤምኤል የሠንጠረዥ ረድፍ ላይ አይሠራም)፣ ኮንተንት ቪዚቢሊቲ ኦቶ ነው፤ ረድፎቹ ገጹ ላይ አሉ፣ ፍለጋም ያገኛቸዋል፣ ብራውዘሩ ግን ከስክሪን ውጭ ያሉትን አይስልም። ከሱ ጋር ኮንቴይን ኢንትሪንሲክ ሳይዝ ካልጻፋችሁ ግን ያልተሳለው ሁሉ ቁመቱ ዜሮ ስለሚቆጠር ስክሮልባሩ እየዘለለ ያስቸግራል። በዚህ የረድፍ ብዛት እኔ ቨርቹዋላይዝን እመርጣለሁ፤ ለጥቂት መቶ ረድፎች ሁለተኛውን።

ዲባውንስ (መጻፉ ጋብ እስኪል መጠበቅ) መድኃኒት አይደለም። 300 ሚሊሰከንድ ብትጠብቁ ከባዱ ሥራ አልቀነሰም፣ ሰዓቱ ብቻ ተዛወረ፤ ተጠቃሚው ቀጣዩን ፊደል በዚያ መሐል ከጻፈ ያው መዘግየት በመጀመሪያው ክፍል በኩል ይመለሳል። ዲባውንስ ለሰርቨር ሪኩዌስት ነው የሚሆነው።

አዲስ ገጽ

ሪአክት (የበይነገጽ ላይብረሪ) ለሚጠቀም ሰው ይሄ ሁሉ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ከ18ኛው ቨርዥን ጀምሮ «ዩዝ ትራንዚሽን» አለ፣ አጣዳፊ ያልሆነውን ለይቶ ወደ ኋላ ያደርገዋል።

ሚሊሰከንድ

አዲስ ገጽ፣ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ወሰኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ሪአክት ሥራውን የሚያቋርጠው በአንድ ኮምፖነንትና (ራሱን በቻለ የገጹ ክፍል) በሚቀጥለው መካከል ነው። 5000ውን ረድፍ በአንድ ኮምፖነንት ውስጥ በማፕ የምትሠራው ከሆነና ያ አንዱ ብቻውን 150 ሚሊሰከንድ ከፈጀ መሐል ላይ አያቋርጠውም። ረድፉን ራሱን የቻለ ኮምፖነንት አድርገው፣ ያኔ ማቋረጫ ነጥብ ያገኛል። በመጨረሻ ዲኦኤም (ብራውዘሩ የያዘው የገጹ መዋቅር) ላይ የሚጽፍበት ደረጃ ደግሞ ጭራሽ አይቋረጥም፤ 40,000 ኖድ በአንዴ ከተቀየረ ትራንዚሽን ውስጥ ሆነም አልሆነ ስክሪኑ ይቆማል።

የሳጥኑን ጽሑፍ የሚይዘውን ስቴት ትራንዚሽን ውስጥ አታስገባው። ካስገባኸው ፊደሉ ራሱ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ስቴት ይኑርህ፦ ለሳጥኑ አጣዳፊ፣ ለዝርዝሩ የሚዘገይ። «ዩዝ ዲፈርድ ቫልዩ» ይህንኑ ባጭሩ ይሠራልሃል።

ሰሚ ጆሮ

ዓለም አቀፉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ፣ ደብሊውሲኤጂ 2.2፣ በኦክቶበር 2023 ከወጣ ወዲህ ለዲዛይነር በቀጥታ የሚመለከቱ አዳዲስ ነጥቦች አሉ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሸማች በድረ ገጽ የሚሸጥ ደግሞ (በጣም ትንንሽ አገልግሎት ሰጪዎች ሲቀሩ) ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ የተደራሽነት ሕጉ ይመለከተዋል፤ ስለዚህ ይሄ በኋላ የሚጨመር ጌጥ አይደለም።

የሚነካ ነገር ሁሉ ቢያንስ 24 በ24 የሲኤስኤስ ፒክስል ይሁን፣ ካልሆነም በዙሪያው በቂ ክፍት ቦታ ይኑረው። ይሄ ዝቅተኛው ነው። አፕል 44 ፖይንት፣ አንድሮይድ 48 ዲፒ ይላሉ፤ ለስልክ እነዚህን ያዙ። አይከኑ 16 ሆኖ እንዲታይ ከፈለጋችሁ በፓዲንግ አሳድጉት፣ የሚነካው ቦታ እንጂ ሥዕሉ መተለቅ የለበትም።

በመጎተት ብቻ የሚሠራ ነገር አይኑር። ካርድ ከአምድ ወደ አምድ የሚጎተትበት ሰሌዳ ካላችሁ «ወደ… አዛውር» የሚል ሜኑ ጨምሩበት።

ብዙ የማይታየው ደግሞ ከላይ የሚለጠፈው ሄደር ነው። በታብ ቁልፍ ወደ ላይ የሚመለስ ሰው ፎከሱ ከሄደሩ ሥር ገብቶ ይጠፋበታል። ሥሩ ኤለመንት ላይ ስክሮል ፓዲንግ ቶፕ ከሄደሩ ቁመት ጥቂት በለጥ አድርጋችሁ ጻፉ፤ አንድ መስመር ነው።

ቀለም ቀቢ

ዲዛይን ቶክን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቅርጸቱ በኦክቶበር 2025 የመጀመሪያውን የተረጋጋ ቨርዥን አግኝቷል፣ ስለዚህ ከዲዛይን መሣሪያ ወደ ኮድ ለማሸጋገር የራስን ጄይሰን (የመረጃ ፋይል) መፈልሰፍ አያስፈልግም። የሚሰበረው ግን ቅርጸቱ ጋ አይደለም፣ ስም አወጣጡ ጋ ነው።

በሁለት ደረጃ አስቡት። ታች ጥሬ ቀለም አለ፦ «ሰማያዊ 600»። ላይ ደግሞ ሚናው፦ «ዋና ድርጊት ጀርባ»፣ «ደብዛዛ ጽሑፍ»፣ «የስህተት ጠርዝ»። ኮምፖነንት የሚጠራው የላይኛውን ብቻ ይሁን። በተኑ «ሰማያዊ 600»ን በቀጥታ ከጠራ ጨለማ መልክ ስትሠሩ ወይ ሰማያዊ 600 የሚባል ነገር ሰማያዊ 300 ይሆናል፣ ወይ እያንዳንዱን ኮምፖነንት እየከፈታችሁ ትለውጣላችሁ። ሦስተኛ ደረጃ፣ ለየኮምፖነንቱ ቶክን፣ ከመጀመሪያው አትጀምሩ፤ ብዛቱ ራሱ ሸክም ይሆናል።

ጨለማና ብርሃን ለመለየት «ላይት ዳርክ» የሚለው የሲኤስኤስ ፈንክሽን ከ2024 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች አለ፤ ሁለቱን ቀለም አንድ መስመር ላይ ትጽፋላችሁ። «አይሠራም» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ከለር ስኪም የሚለውን ፕሮፐርቲ ላይትም ዳርክም ብሎ አላወጀም። ያለሱ ሁልጊዜ የብርሃኑን ነው የሚሰጠው።

የቀለም መሰላል ስትሠሩ ደግሞ ኤችኤስኤል የሚባለውን የቆየ የቀለም አጻጻፍ ተዉት። በሱ ቢጫም ሰማያዊም 50 ከመቶ ብርሃን ናቸው ይላል፤ ከነጭ ጋር ያላቸው ኮንትራስት ግን ቢጫው 1.07፣ ሰማያዊው 8.59 ነው። አንዱ ጭራሽ አይነበብም፣ ሌላው ጥርት ብሎ ይነበባል። ኦኬኤልሲኤች የሚባለው አዲሱ አጻጻፍ ግን የብርሃን ቁጥሩ ከዓይን ጋር በጣም ይቀራረባል፣ ስለዚህ አንድ የብርሃን ቁጥር ለሁሉም ቀለም ተመሳሳይ ደረጃ ይሰጣል። ክሮማውን (የቀለሙን ድምቀት) አለቅጥ ከፍ ካደረጋችሁት ግን ስክሪኑ ሊያሳየው የማይችለው ቀለም ይሆንና ብራውዘሩ በራሱ መንገድ ቆርጦ ያቀርበዋል፤ ያኔ ብርሃኑም ሊዛባ ይችላል። መሰላሉን ከሠራችሁ በኋላ ኮንትራስቱን በቁጥር ፈትሹ።

ባይት

ቃል በቃል የሚፈሰው የኤአይ ምላሽ ቀላል ይመስላል፣ ግን በብዙ ቦታ ይሰበራል። ከታች ወደ ላይ ልውጣ።

ሰርቨሩ እየላከ ብራውዘሩ ጋ መጨረሻ ላይ በአንዴ የሚደርስ ከሆነ መሐል ላይ የሚያጠራቅም አለ። ኤንጂንኤክስ (ከሰርቨሩ ፊት የሚቆም ፕሮግራም) ከሆነ ፕሮክሲ ባፈሪንግን ለዚያ መንገድ አጥፉት። ኮምፕሬሽንም ያጠራቅማል፣ ለዚህ ምላሽ አታድርጉት። ኢቬንት ሶርስ የሚባለው የብራውዘር መሣሪያ የሚልከው ጌት ብቻ ነው፣ የራሳችሁን ሄደርም አይቀበልም፤ ረጅም መልእክትና የመለያ ቶክን ለመላክ ፌችን ተጠቀሙና ምላሹን እንደ ስትሪም አንብቡ።

ቀጥሎ ያለው በተለይ እኛን የሚነካ ነው። ስትሪሙ የሚመጣው በባይት ቁራጭ ነው፤ ቁራጩ የሚቆረጠው ፊደል ላይ ይሁን መሐል ላይ አይመርጥም። የእንግሊዝኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አንድ ባይት ስለሆነ አይሰበርም፣ የግዕዝ ፊደል ግን 3 ባይት ነው። ሁለቱ ባይት በአንዱ ቁራጭ፣ ሦስተኛው በሚቀጥለው ሲመጣና እያንዳንዱን ለብቻው ስትፈቱት፣ በፊደሉ ቦታ ጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይወጣል። አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚከሰት ሰው የሚጠረጥረው ፎንቱን ወይም ሞዴሉን ነው። መፍትሔው አንድ ነው፦ ለሙሉው ምላሽ አንድ ቴክስት ዲኮደር ብቻ ፍጠሩ፣ በየጊዜው ዲኮድ ስታደርጉም «ስትሪም» የሚለውን አማራጭ ትሩ አድርጉት። ያኔ ያልተሟላውን ባይት ይዞ ቀጣዩን ይጠብቃል። ሲያልቅ ያለ ምንም ግብዓት አንድ ጊዜ ጥሩት፣ የቀረ ካለ ያወጣዋል። ቴስት ስትጽፉ ሆን ብላችሁ በየ1 ባይቱ ቆርጣችሁ ላኩት፤ ያለፈ እንደሆነ ለሁሉም ያልፋል።

መሳሉ ላይ ደግሞ፣ አንድ ቃል በመጣ ቁጥር ሙሉውን ማርክዳውን (በምልክቶች የተቀረጸ ጽሑፍ) እንደገና አታንብቡ። ምላሹ በረዘመ ቁጥር እያንዳንዱ ቃል የሚጠይቀው ሥራ ይጨምራል፣ ሚሊሰከንድ የነገረንን ችግር በገዛ እጅ መጥራት ነው። የመጣውን አጠራቅማችሁ በየ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ አንዴ ሳሉ፣ ያለቁትን አንቀጾች ደግሞ ዳግም አትንኩ።

«አቁም» የሚለው በተን ብራውዘሩን ብቻ ዝም ማሰኘት የለበትም። አቦርት ኮንትሮለሩ ግንኙነቱን ሲቆርጥ ሰርቨሩ ያንን አይቶ ወደ ሞዴሉ የሄደውንም ጥያቄ ማቋረጥ አለበት፤ አለዚያ ማንም የማያነበው ምላሽ እየተሠራ ሒሳቡ ይቆጥራል።

ከሞዴሉ የመጣን ማርክዳውን ወደ ኤችቲኤምኤል ስትቀይሩ አጣሩት፣ ምስሎችንም በራሳቸው እንዳይከፈቱ አድርጉ። የምስል አድራሻ ውስጥ የተጠቃሚው መረጃ ተሰክቶ ወደ ሌላ ሰርቨር ሊወጣ ይችላል።

ሰሚ ጆሮ

ባይት ላይ ልጨምር። የምላሹን ሳጥን አሪያ ላይቭ (ለውጥ ሲኖር ይነበብ) ካላችሁት ስክሪን ሪደሩ በየቁራጩ እየተቆራረጠ ያነባል፣ ሰውየው ምንም አይገባውም። ሳጥኑን ያለ ላይቭ ተዉትና ለብቻው አንድ የማይታይ ክልል «ምላሽ እየተዘጋጀ ነው»፣ ቀጥሎም «ምላሹ ተጠናቋል» ይበል። ክልሉ ገጹ ሲከፈት ጀምሮ ባዶውን መኖር አለበት፤ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ከተፈጠረ ብዙ ጊዜ አይነበብም።

ማሰሻ

ቪው ትራንዚሽን ስሙ ስለተነሳ ባጭሩ። ክሮም ከ2023፣ ሳፋሪ ከ2024፣ ፋየርፎክስ ከ2025 ጀምሮ በአንድ ገጽ ውስጥ ያለውን ይደግፋሉ። ፈንክሽኑ መኖሩን ቀድማችሁ ከፈተሻችሁ የማይደግፍ ብራውዘር ላይ ያለ አኒሜሽን ይቀየራል፣ የሚበላሽ ነገር የለም፤ በዚህ ምክንያት ወደድኩት። በዝርዝር ውስጥ ለሁሉም ካርድ አንድ ዓይነት ቪው ትራንዚሽን ስም ከሰጣችሁ ግን አኒሜሽኑ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል፤ ስሙ በዚያች ቅጽበት ለአንድ ኤለመንት ብቻ መሆን አለበት፣ መለያ ቁጥሩን ጨምሩበት። አኒሜሽኑ እየሄደ ገጹ ክሊክ ስለማይቀበል ከ300 ሚሊሰከንድ አታስበልጡት። እንቅስቃሴ ይቀነስልኝ ላለ ተጠቃሚም አጥፉት።

አዲስ ገጽ

በኤአይ የሚጻፈውን ኮድስ? ጥያቄው እዚያ ክር መጀመሪያ ላይ ተነስቶ ማንም አልመለሰውም።

ቀለም ቀቢ

ልመልስ። ኮድ የሚጽፉት ሞዴሎች በይነገጽ ላይ የሚደጋግሟቸው ጉድለቶች ስለሚታወቁ ማሽን ሊይዛቸው ይችላል። በተን መሆን የነበረበት ዲቭ ላይ ኦን ክሊክ ይሰካሉ፤ በኪቦርድ አይደረስበትም። ሌብል ትተው ፕሌስሆልደር ያስቀምጣሉ፤ ሰው መጻፍ ሲጀምር የሳጥኑ ስም ይጠፋል። ቶክን እያለ የቀለም ቁጥር በቀጥታ ይጽፋሉ። ለመጨረሻው ስታይልሊንት (የሲኤስኤስ መፈተሻ) ላይ «ከለር ኖ ሄክስ» የሚለውን ሕግ አብሩ፣ ለሁለቱ የተደራሽነት ሊንት ጨምሩ፣ ሲአይ (ኮድ ሲላክ በራሱ የሚፈትሸው ሥርዓት) ላይ ካላለፈ አይዋሃድ። ከዚያ አንድ ሰው ማውሱን ትቶ ገጹን በታብ ቁልፍ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ይሂድበት፤ ማሽኑ የማይይዘው ብዙ ነገር አለ።

የማታውቁት ፓኬጅ (ከውጭ የሚጫን ኮድ) ስም ከመጣ ከመጫናችሁ በፊት መኖሩን፣ ማን እንደያዘውና ከመቼ ጀምሮ እንዳለ እዩ። ሞዴል የሌለ ስም ይፈጥራል፣ ክፉ ሰው ደግሞ ያንን ስም ቀድሞ ያስመዘግበዋል።

ቅንፍ

ብዙ አገኘሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባይት፣ አንድ የቀረችኝ ነገር፦ ምላሹ እየፈሰሰ ገጹ በራሱ ወደ ታች ሲሄድ፣ ከላይ ያለውን ለማንበብ የሞከረው ሰው ወደ ታች ይጎተታል። ጭራሽ ካጠፋሁት ደግሞ አዲሱ ጽሑፍ ከስክሪን በታች ይቀራል።

ባይት

ከመሳልህ በፊት ለካው ወንድሜ። የይዘቱ ሙሉ ቁመት ሲቀነስ የተሸበለለው፣ ሲቀነስ የሚታየው ቁመት፤ ውጤቱ ከ40 ፒክስል ካልበለጠ ሰውየው ታች ነው፣ አዲሱን ሳልና ወደ ታች ውሰደው። ከበለጠ አትንካው፣ «ወደ ታች» የምትል ትንሽ በተን አሳየው፤ ሲነካት ወይም ራሱ ታች ሲደርስ መከተሉ ይመለስ። ልኬቱን ከሳልክ በኋላ ካደረግኸው ቁመቱ ቀድሞ ስለሚያድግ ታች የነበረውን ሰው ሁሉ «ወደ ላይ ሄዷል» ብለህ ትቆጥረዋለህ። ወደ ታች ስትወስደው ደግሞ «ስሙዝ» የሚለውን አትጠቀም፤ በየ50 ሚሊሰከንዱ አዲስ ለስላሳ ጉዞ ሲጀመር አንዱ ሌላውን እያቋረጠ ታች ሳይደርስ ይቀራል።